ፍሬኑን ማን ይልቀቅ?

«ወንድሜን ማሽን ቀበረው።»

አክስቴ ይህን ያለችው ከቀብር ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ ነው። ለማናችንም አልነበረም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ለራሷ ነው ያለችው። ሁላችንም ዝም አልን። እኔ ግን መልስ ነበረኝ። «ማሽኑ አይደለም፣ እኔ ነኝ ፍሬኑን የለቀቅኩት» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ሐዘን ላይ ላለ ሰው ስለ ፍሬን አይወራም።

ነገሩ ግን ከዚያ ወዲህ አልለቅ አለኝ። ማሽን ሰው ይቀብራል? እሺ፣ ማሽን ካልቀበረ ማን ቀበረ? ጣቱን እጀታ ላይ ያሳረፈ ሰው ቀባሪ ይባላል? ለአጎቴ ማልቀስ ሲገባኝ ስለ ማርሽ ጥርስና ስለ ቀበቶ ሳነብ አመሸሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ፣ ምን ይደረግ።

ዕቃውን ሳታዩት አልቀራችሁም። የሬሳ ሳጥን ማውረጃ ነው። በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ የሚዘረጋ አራት ማዕዘን የብረት ፍሬም አለው። በፍሬሙ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ጠፍጣፋ ቀበቶዎች ይወጠራሉ፤ ሳጥኑ እነሱ ላይ ያርፋል። ሰዓቱ ሲደርስ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ አንድ እጀታ ይነካል፤ ሳጥኑ ቀስ እያለ ይወርዳል። አብዛኛው ሰው የሚያየው ይህን ብቻ ነው። አብዛኛው ሰው ደግሞ በዚያ ሰዓት ዓይኑ በእንባ ስለተሞላ ይህንንም በደንብ አያየውም።

ገመድ የያዘ ሰው አያለቅስም

ማሽኑን ከመውቀስ በፊት ገመዱን ማስታወስ ደግ ነው። ከዓመታት በፊት የጓደኛዬ አባት ሲቀበሩ ከገመድ ያዦቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ሁለት ገመድ በሳጥኑ ሥር ገብቶ፣ አራት ሰው ጫፍ ጫፉን ይዟል። ዝናብ አድሮበት አፈሩ ያንሸራትታል። የቆምንበት ጠርዝ በትንሽ በትንሹ እየተሸረፈ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል።

ከዚያ ቀን የማስታውሰው ሐዘኔን አይደለም። የማስታውሰው ፊት ለፊቴ የቆመውን ሰው እጅ ነው። አውራ ጣቱ ላይ ፕላስተር ነበረው። እሱ ስንት ይለቃል፣ እኔስ ስንት ልልቀቅ፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ከኋላ የማይታይ ሰው ያዛል፦ «ቀስ! ቀስ በሉ! በእግሩ በኩል ልቀቅ! አንተ ያዝ እንጂ!» ገመድ የያዘ ሰው አያለቅስም። ሥራ ላይ ነው።

ግማሽ ላይ ስንደርስ ራስጌው ከግርጌው ቀደመ። ትንሽ ነው፣ አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ግን ሳጥኑ አጋደለ። ያን ጊዜ ከውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ የሆነ ነገር ተንሸራቶ እንጨቱን ነካ። የሆነ ነገር አልኩ እንጂ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የሟች ባለቤት ሦስት እርምጃ ርቀው ቆመው ነበር። ሰምተዋል። ከቀብር መልስ ስለ ብዙ ነገር ተወራ፣ ስለዚያ ድምፅ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል። የዚያን ቀን ከቀብሩ አቀባበሩ ሆነብን።

ጥፋቱ የማንም አልነበረም። ነገሩ የሥሌት ነው። ሰውና ሳጥን አንድ ላይ 150 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ለአራት ሰው እኩል ቢደርስ ለእያንዳንዱ 37 ኪሎ ተኩል ነው። ይህን ጤነኛ ሰው ይችለዋል። ችግሩ «እኩል» የምትለዋ ላይ ነው። ገመድ በእጅ የሚለቀቀው በስንዝር በስንዝር ነው፤ የአንዱ ስንዝር ደግሞ ከሌላው ይረዝማል። ሳጥኑ አንዴ ካጋደለ በውስጡ ያለው ወደ ዝቅተኛው ጎን ይሄዳል። ስለዚህ ጭነቱ የሚጨምረው ቀድሞም እያመለጠው ባለው ሰው ላይ ነው። እሱ የባሰ ያመልጠዋል። ስህተቱ ራሱን እየመገበ ያድጋል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን። ለሎሚ ልክ ነው። ሎሚ ሲከፋፈል እያንዳንዱ የራሱን ይይዛል፤ አንዱ ቢጥል የሌላው እጅ ላይ ያለው ምንም አይሆንም። የሬሳ ሳጥን እንደዚያ አይከፋፈልም። የአንዱ እጅ መድከም እዚያው በዚያው የሌላው ሸክም ይሆናል።

አራት እጅ በአንድ ዘንግ

ማሽኑን የሠሩት ሰዎች ይህን በደንብ የተረዱ ናቸው። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ዕቃ የባለቤትነት መብት የጠየቁ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሥዕሎቻቸውን ሳገላብጥ የገባኝ ነገር አለ። የለፉት ለጉልበት አይደለም። ጉልበት አልጎደለም፤ ክብደቱ ራሱ መውረድ ይፈልጋል። የለፉት ሁሉም ጎን እኩል እንዲለቅ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በጉድጓዱ ሁለት ረጃጅም ጎኖች ላይ የተጋደሙት ቱቦዎች ዝም ብለው የቆሙ አይደሉም፤ ይሽከረከራሉ። ቀበቶዎቹ የተጠቀለሉት እነሱ ላይ ነው። ሁለቱ ቱቦዎች ደግሞ በአጭሩ ጎን በሚያልፍ ዘንግና በማዕዘኖቹ ላይ በተደበቁ ማርሾች ተያይዘዋል። አንደኛው ሳይዞር ሌላው መዞር አይችልም። አንደኛው አንድ ዙር ከዞረ ሌላውም አንድ ዙር ነው። ስለዚህ ቀበቶዎቹ በትክክል ከተጠቀለሉ ሳጥኑ ለማጋደል መንገድ የለውም። ፕላስተር ያሰረው እጅና የእኔ እጅ አንድ ዘንግ ላይ ተበይደዋል ማለት ነው።

ፍሬሙ እንደ ሳጥኑ መጠን የሚረዝምና የሚያጥር ነው፤ ቱቦው ከቱቦ ውስጥ ይወጣል። የብዙዎቹ አቅም ከ400 ኪሎ ይበልጣል። ከሥሩ ሳንቃ ይነጠፋል፤ ጭነቱ በጉድጓዱ ጠርዝ ላይ እንዲበተን እንጂ አንድ ቦታ ላይ እንዳይጫን። ጠርዝ ሲናድ ያየ ሰው የሳንቃውን ጥቅም ይረዳዋል።

ከሁሉ የማረከኝ ግን ፍጥነቱ ነው። ጥልቀቱን 1.8 ሜትር እንበል፤ በፈረንጆቹ 1665 ወረርሽኙ ለንደንን ሲፈጅ የከተማዋ ሹም መቃብር ቢያንስ ስድስት ጫማ ይቆፈር ብሎ ያዘዘው ልክ ነው። ሳጥኑ ከዚያ ከፍታ በነፃ ቢወድቅ ታች ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማሽኑ ይህንኑ መንገድ አንድ ደቂቃ ገደማ ያስጉዘዋል፤ በሰከንድ ሦስት ሳንቲ ሜትር። ይህን የሚያደርገው እጀታ የያዘው ሰው ጥበብ አይደለም። ብዙዎቹ ማሽኖች ውስጥ ፍጥነቱን የሚጠብቅ ራሱን የቻለ ፍሬን አለ። ሲሽከረከር ክብደቶቹ ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ በገፉ መጠን ፍትጊያው ይጨምራል፤ ፍትጊያው ሲጨምር ዙሩ ይቀንሳል። ጄምስ ዋት በ1788 በእንፋሎት ሞተር ላይ የተጠቀመበት የሚሽከረከር ጥንድ ኳስ የዚህ ዘመድ ነው። ውጤቱ ደስ ይላል፦ ከባዱም ቀላሉም ሳጥን የሚወርደው በተቀራራቢ ፍጥነት ነው።

ያ ሁሉ ክብደት ታዲያ የት ገባ? ፍሬኑ ውስጥ፣ ሙቀት ሆኖ። 150 ኪሎ 1.8 ሜትር ሲወርድ የሚሰጠው ጉልበት 2,600 ጁል ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ብረትን በስድስት ዲግሪ ገደማ ያሞቃል። በገመድ ጊዜ ይህን ሙቀት የምንቀበለው በመዳፋችን ነበር፤ ማታ ማታ የሚለበልበን እሱ ነው። አጎቴ ከወረደ በኋላ ሰው ሳያየኝ የፍሬኑን ቤት ነካሁት። ሞቆ ነበር። ከፀሐዩ ይሁን ከአጎቴ መለየት አልቻልኩም።

ንጉሠ ነገሥቱ የሳተው

ሬሳን በማሽን የማውረድ ሐሳብ ሁልጊዜ እንዲህ አልሰመረም። በ1784 ኦስትሪያን ይገዛ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ ዳግማዊ የቀብር ወጪ በዛ፣ እንጨትም ይባክናል ብሎ አንድ ሳጥን ለብዙ ሰው እንዲያገለግል አዘዘ። ሟቹ በከረጢት ሆኖ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። የሳጥኑ ወለል ግን መዝጊያ ነው። ጉድጓዱ ላይ ሲደርስ ይከፈታል፤ ሟቹ ይወድቃል፤ ሳጥኑ ለሚቀጥለው ሰው ይመለሳል። በሒሳብ ቢታይ እንከን የለውም። ሕዝቡ ግን አበደ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1785 ትእዛዙ ተነሳ። እሱ ራሱ በ1790 ሲሞት በቪየና በቤተሰቡ የመቃብር ክፍል ውስጥ ያረፈው በመዳብ ሳጥን ነው። ጌጥ የሌለው ተራ ሳጥን ነው፤ ወለሉ ግን አይከፈትም።

ሰዎቹን ያስቆጣው ስስታምነቱ ብቻ አይመስለኝም። ለድሃ ሰው ሳጥን መዋስ አዲስ ነገር አልነበረም። እኔ እንደማስበው ያስቆጣቸው መውደቁ ነው። የሞተ ሰው ምንም አይሰማውም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ግን በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር የሚወድቅ አባት ማየት አንችልም። ቀስ ብሎ የሚወርድን ግን እንችላለን። ስንዘገይ ነው ሰው መሆኑን የምናስታውሰው።

እንግሊዞች ይህ ገብቷቸው ነበር። ለንደን ውስጥ በ1833 የተከፈተው የኬንሳል ግሪን መካነ መቃብር ከጸሎት ቤቱ ሥር የሬሳ ሳጥኖች የሚደረደሩበት ምድር ቤት አለው። ሳጥኑ ወደዚያ የሚወርደው በውሃ ግፊት በሚሠራ መድረክ ነው፤ ጆሴፍ ብራማ በ1795 የባለቤትነት መብት ባገኘበት መርሕ። ጸሎቱ ሲያልቅ ሳጥኑ በወለሉ በኩል ያለ ድምፅ ይሰምጣል። ሰው ሁሉ ተቀምጦ ያያል። ገመድ የለም፣ «ቀስ በሉ» የለም፣ የሚጮህ ሰው የለም። ዕቃው በፈረንጆቹ 1997 ተጠግኖ እንደገና ሠርቷል።

ያኔም አንድ ሰው ቫልቩን ይከፍት ነበር። ስለ እሱ የጻፈ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም።

እጀታው

ወደ አጎቴ ልመለስ። ጸሎቱ ሲያበቃ የማሽኑ ሠራተኛ፣ አባቴን የሚያክሉ ሰውዬ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ የቤተሰብ ሰው ነህ አይደል? ከፈለግህ አንተ ልቀቀው። ወደ ታች ተጫነው፤ ሌላውን እሱ ያውቃል።» እምቢ ለማለት ጊዜ አልነበረም። ጎንበስ ብዬ ያዝኩት። ከጣቴ ብዙም የማይረዝም ብረት ነው። ቀለሙ ሰው የሚይዝበት ቦታ ላይ ብቻ ተልጧል።

እጄ አልንቀሳቀስ አለ። ምንም ጉልበት አይጠይቅም፤ ሕፃን ይጫነዋል። ችግሩም ያ ነበር። ገመድ ስትይዝ ጊዜ አይሰጥህም። ክንድህ ይዝላል፤ መልቀቅህ የማይቀር ነው። «አሁን» የሚለው ጡንቻህ ነው፤ አንተ አትጠየቅም። እዚህ ግን ሳጥኑ ተመቻችቶ ቀበቶው ላይ ተኝቷል። ፍሬኑ ይዟል። አንድ ሰዓት ቢቆይ፣ እስከ ነገ ቢቆይ ማሽኑ አይደክምም። ስለዚህ «አሁን» የሚለው ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። የሚያዝ ሰው ፈለግሁ። ቀና ብዬ ብዙ ፊት አየሁ፤ አንድም ሰው እኔን አያይም። ሁሉም የሚያዩት ሳጥኑን ነው።

ተጫንኩት።

ጥርሶቹ ቀጭን ድምፅ አወጡ። ቀበቶው ከቱቦው ላይ መተርተር ጀመረ። ሳጥኑ ጠርዙን አለፈ፤ ጥላ ክዳኑ ላይ ከራስጌ እስከ ግርጌ እኩል ወጣበት። ግማሽ ላይ ሲደርስ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እጀታውን መለስኩት። ቆመ። አልተወዛወዘም፣ አላጋደለም። እንዲሁ ቆመ። አንድ ሰው ከኋላ «ተበላሸ እንዴ?» ሲል ሰማሁ። ሰውዬው አላስቸኮሉኝም። ማቆም መቻሌን ማወቅ ፈልጌ ነው መሰለኝ። መቻሌን ካወቅሁ በኋላ እንደገና ተጫንኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከበደኝ።

ገመድ አንድ ነገር ይሰጥ ነበር፣ መካድ አልችልም። ሳጥኑ መሬት ሲነካ መዳፍህ ያውቃል። 37 ኪሎው ድንገት ይጠፋል፣ ክንድህ ሳታስበው ወደ ላይ ይነሳል። እጀታው ግን ምንም አይናገርም። መድረሱን የምታውቀው ቀበቶዎቹ ሲላሉ አይተህ ነው። ሰውዬው በአገጫቸው ወደ ቀበቶው አመለከቱኝ፤ በቃ።

ስለዚህ አክስቴ ተሳስታለች አልልም። አራት ሰው ገመድ ሲይዝ ማንም ብቻውን አልቀበረም። ማን ቀድሞ እንደለቀቀ አይታወቅም፤ መታወቅም የለበትም። ያ መደባለቅ ትልቅ ምሕረት ነበር። ማሽኑ ክንዳችንን አሳርፎ ያንን ምሕረት ወሰደብን። አሁን አንድ እጀታ አለ፣ አንድ እጅ ይዞታል፣ የቀረው ሰው እጁን አጣምሮ ከማየት በቀር ሥራ የለውም። አክስቴም ያየችው በመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ በሌላ ቀብር ላይ የገመድ ያዦች ጀርባ ይከልላት ነበር። ምንም ያልከለላት ቀብር ለእሷ የማሽን ቀብር ሆነ።

ቢሆንም ምረጥ ብባል ማሽኑን ነው የምመርጠው። ያን የተንሸራተተ ነገር ድምፅ የሰማ ሰው ሌላ አይመርጥም። አንድ ነገር ግን ብለምን፣ እጀታው በጆሮ ሹክሹክታ አይሰጥ። ቀድሞ ይጠየቅ። የሚፈልግ ይኖራል፤ ማሰብ የሚያስፈልገው ይኖራል፤ እጁ እምቢ የሚለው ይኖራል። እምቢ ላለው ሠራተኛው ይልቀቅለት፤ እሱም ቀላል ውለታ አይደለም። የሌላውን ሰው «አሁን» በየቀኑ መሸከም ነው።

ባትሪ

ሰው ሲበታተን እኔ ወደኋላ ቀረሁ። ሰውዬው ቀበቶዎቹን በአንድ ወገን ፈትተው ከሳጥኑ ሥር እየሳቡ አወጧቸው። ጠፍጣፋ የሆኑት ለዚህ ነው፤ ክብደቱ ላያቸው ላይ ሆኖም ሾልከው ይወጣሉ። ከዚያ ማዞሪያውን ሰክተው አፈሩን በጨርቅ እየጠረጉ ጠቀለሏቸው። ጠርዙ የተተረተረ ክር ካለ በጣታቸው እየዳሰሱ ነበር። ስለ ማቆሜ ይቅርታ ልጠይቅ ስል ሳቁ። «ብዙ ሰው ያቆመዋል» አሉ። ለሕፃን ሳጥን ማሽኑን እንደማይዘረጉ ነገሩኝ። እሱን በእጅ ነው የሚያወርዱት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

አሁን አሁን በቁልፍ የሚሠሩ አሉ፤ ሞተር አላቸው፣ አንዳንዶቹ ከርቀት ይታዘዛሉ። የለቀቀው ሰው ሰው መሀል ቆሞ፣ እጁ ኪሱ ውስጥ ሆኖ ማንም ሳያውቅበት ማለት ነው። እኔ ደስ አላለኝም፣ አክስቴ ግን ምን ትል ይሆን ብዬ አሰብኩ። ሰውዬውን እንዲያ ያለ ቢመጣልዎ ይወዳሉ ወይ አልኳቸው። መጠቅለሉን ሳያቆሙ ትንሽ አሰቡ።

«ጥሩ ነው ይላሉ» አሉ። «ግን መሀል ላይ ባትሪው ቢያልቅስ? ያን ጊዜ ደግሞ ገመድ ፍለጋ ልንሄድ ነው።»